ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ

ዓርብ ዓርብ ጠዋት ናኦድ እናቱን አባቱ ጎን ያስቀምጣታል። በሩን ይከፍትላታል። ጉልበቷን ይዛ፣ ዝቅ ብላ፣ ቀሚሷን ሰብስባ ትገባለች። እሱ ቀበቶውን ያስርላትና ትከሻዋ ላይ ጠበቅ ሊያደርገው ሲል «አላላው እንጂ፣ አነቅከኝ እኮ» ትለዋለች። «ደንብ ነው እማዬ» እያለ በአንድ ጣት ያህል ያላላላታል። ከዚያ በሩ ይዘጋል። በግራ በኩል፣ መሪው ፊት ያለው ቦታ ባዶ ነው። ወንበር እንኳ የለውም። የሾፌሩ ወንበር ስድስት ኪሎ ተኩል ስለሚመዝን ከወጣ አራት ዓመቱ ነው።

አባትየው ኪሩቤል በ2067 ዓ.ም. ሞቷል። እጁ ግን ይነዳል።

ቦታው ከሞጆ ወጣ ብሎ ነው። አዲሱ መንገድ በሌላ በኩል ሲያልፍ ከድሮው የተረፈ አንድ ቁራጭ አስፋልት አለ፤ አራት መቶ ሜትር መሮጫ፣ ሦስት መቶ ሜትር መቆሚያ። በአገሩ ውስጥ ሞተር እንዲጮህ የተፈቀደለት እዚህ ብቻ ነው። ከተማ ውስጥ ያሉት መኪኖች መሪ የላቸውም፤ ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ እያወራ ይደርሳል። ቤንዚን አዳማ ውስጥ በአንዲት ሱቅ፣ በሊትር ጠርሙስ፣ በመታወቂያ ይሸጣል። ሻጩ ጓንት አድርጎ ነው የሚያቀብለው። ጠርሙሱን ተሸክሞ አደባባይ ላይ የሚያልፍ ሰው ልጆች ይከተሉታል፤ ሽታው ይገርማቸዋል።

ከ2040 ወዲህ በሕይወት ያለ ሰው መሪ መያዝ አይችልም። ከዚያ በፊት የነበሩት ተወዳዳሪዎች ግን ጓንትና ካልሲ መሳይ ነገር እያጠለቁ፣ ማርሽ አለዋወጣቸውን፣ የቤንዚን አረጋገጣቸውን፣ መሪ አያያዛቸውን ሁሉ አስቀድተው ነበር። ቅጂውን፣ በብረት ክንዶች መኪና የሚነዳውን፣ መዝገብ ቤቱ «እጅ» ይለዋል፤ ሰውም እንደዚያው። በመዝገቡ ላይ አርባ አንድ እጆች አሉ። ከእንግዲህ አይጨመሩም። የአንዳንዱ እጅ ባለቤት አፈር ሆኗል፤ የአንዳንዱ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ አጥሩን ተደግፎ የገዛ እጁ ሲሽቀዳደም ያያል። ጋሽ ኅሩይ ከእነዚህ አንዱ ናቸው። ሰማንያ ሊሞላቸው ነው፤ የሠላሳ ዓመት ጎረምሳ እጃቸው በተሸነፈ ቁጥር «ምን ያስቸኩለዋል ይሄ ውርጋጥ፣ አሁን ቢሆን እኔ እንዲህ አላደርግም» እያሉ ራሳቸውን ይሰድባሉ።

ሕጉ ስለ መሪ እንጂ ስለ ተሳፋሪ የሚለው ነገር የለም። ረስተውት ይሁን አዝነው፣ የጠየቀ የለም። የጠየቀ እንደሆነ ይከለከላል ብሎ ሁሉም ዝም ብሏል። ቅዳሜ፣ የውድድር ቀን፣ መኪናው ባዶውን ይሮጣል። ዓርብ የሙከራ ቀን ስለሆነ የናኦድ እናት ወይዘሮ ኤልዳና ጋቢና ትቀመጣለች።

ምልክቱ ሲሰጥ የፍሪሲዮኑ ፔዳል ብቻውን ይሰምጣል። ካምቢዮው፣ በደህና ያደረ ሰው እንደነካው፣ ለስለስ ብሎ አንደኛ ይገባል። ከዚያ ጩኸት ነው። ከአሥራ አንድ ሰከንድ ከምናምን በኋላ ወዲያ ጫፍ ደርሳለች። የሞተሩ ሰው ቦንሳ መኪናውን በጋሪ ጎትቶ ይመልሳታል፤ እሷም ወርዳ ሻሿን እያስተካከለች ታማሚ ጠይቃ እንደወጣች ሁሉ «ዛሬ ደህና ነው» ትላለች። አንዳንዴ ደግሞ «ዛሬ ተቆጥቷል» ትላለች። የተቀዳ እጅ አይቆጣም ብሎ ናኦድ አይከራከራትም። ካርቡራተሩን ከፍቶ ሲያይ ቤንዚኑ በዝቶ ያገኘዋል።

ናኦድ ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው። አላገባም። ከመኪናውና ከእናቱ ሌላ ብዙ የሚያወራው ሰው የለውም።

ሰኞ ዕለት ከመወዳደሪያ ሜዳው ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ መጣ። የኪሩቤል እጅ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ጊዜ ስላላሸነፈ፣ በመጪው ቅዳሜም ካላሸነፈ «በክብር ይሸኛል» ይላል። መሸኘት ማለት መቆለፍ ነው። የተሸኘ እጅ ቅዳሜም አይሮጥም፣ ዓርብም አይሞከርም። ናኦድ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበና አጥፎ ኪሱ ከተተው። ስለ ውድድሩ አልነበረም ያሰበው። ዓርብ ጠዋት እናቱ ተነስታ፣ ለብሳ፣ የት እንደምትሄድ ነበር ያሰበው።

ማክሰኞ ጋራዡ ውስጥ ከቦንሳ ጋር ተቀመጡ። መኪናው መሀል ላይ ቆሟል፤ ዲኤክስ ነው፣ ዕድሜው ከመቶ ቢጎድል በጥቂት። የሚጋጠሙት የድሬዳዋው ሐፊዝ ሦስት ጊዜ በተከታታይ አሸንፏቸዋል፤ ልዩነቱ አንድም ጊዜ ከሰከንድ አንድ አሥረኛ እምብዛም አልፎ አያውቅም። ያቺን አሥረኛ ፍለጋ ከመኪናው ላይ ያልወረደ ነገር የለም። ቀለሙን ልጠው አሥራ አንድ ኪሎ አውርደዋል። የጣሪያው ጨርቅ፣ የወለሉ ንጣፍ፣ የኋላ መስኮቶች፣ ጥሩንባው፣ ሁሉም ሄዷል። ቦንሳ ባለፈው ክረምት የኮፈኑን ማጠፊያ ሳይቀር በመሰርሰሪያ ወንፊት አድርጎታል። ጥግ ላይ የሽንኩርት ነጋዴ ሚዛን አለ፤ አንድ ቡሎን ሳይመዘን መኪናው ላይ አይገባም። ይሄን ያስተማራቸው ኪሩቤል ነው። «የማይገፋ ሁሉ ይውረድ» ነበር የሚለው።

«ምን ቀረ እንግዲህ?» አለ ናኦድ።

«ከመኪናው? ምንም።» ቦንሳ እጁን በጨርቅ ጠረገ። «የቀረው አባትህ ነው።»

ናኦድ የሚለውን ያውቀዋል። መዝገብ ቤቱ ለእያንዳንዱ እጅ የብክነት ዝርዝር ያወጣል፤ የት ላይ ቤንዚን ቶሎ እንደተለቀቀ፣ የት ላይ መሪ ያለ ጥቅም እንደተነቀነቀ። ባለቤቱ ወይም ወራሹ ከፈለገ ብክነቱን ያስወጣዋል። የሐፊዝን መኪና የሚነዳው የአጎቱ እጅ ብክነቱ ከወጣለት ቆይቷል፤ ምላጭ ሆኗል። የኪሩቤልን ናኦድ ነክቶት አያውቅም። ዝርዝሩ በመጣ ቁጥር «ቆይ» እያለ ነው ያለፈው።

አሁን ከፈተው። ሰባተኛው መስመር ላይ እንዲህ ይላል፦ ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ማርሽ ሲያልፍ ቀኝ እጅ ከካምቢዮ ይነሳል፤ 0.18 ሰከንድ፤ ምክንያቱ አይታወቅም።

«ይቺ ብቻዋን ትበቃናለች» አለ ቦንሳ። ከዚያ «እናትህን ጠይቃት መጀመሪያ» አለው።

«ምን ብዬ? አባቴ ሦስተኛ ላይ የሚተኛው ለምንድነው ብዬ?»

«እንደዛ ብለህ።»

«ተወኝ ባክህ።»

ሦስተኛ ላይ ይተኛል የሚለው የጋሽ ኅሩይ ነው። «ኪሩ ሦስተኛ ላይ አልጋ ዘርግቷል» ይላሉ አጥሩን ተደግፈው፣ ሰዉም ይስቃል። ናኦድ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲሰማው ኖሯል፤ አንድ ጊዜ በዚሁ ምክንያት ከክፍል ጓደኛው ጋር ተደባድቦ ጥርሱ ተሸርፏል። ኪሩቤል ራሱ ሲሰማ ይስቅ ነበር። ናኦድ ግን ከልቡ ያፍርበት ነበር። የሰውየው ፍርሃት ይመስለው ነበር፤ ሁሉን ነገር ሚዛን ላይ የሚያስቀምጥ ሰው ያቺን ብቻ ሳያይ ያለፋት ይመስለው ነበር። ቢያያት ኖሮ ራሱ ያወርዳት ነበር ብሎ አሰበ።

ረቡዕ ሰባተኛዋን መስመር ሊያስወጣ አዳማ ሄደ። መዝገብ ቤቱ ውስጥ የተቀመጠችው ልጅ ማስቲካ ታኝካለች።

«ቤተሰብ ተስማምቷል?» አለችው።

«ቤተሰብ እኔ ነኝ።»

«ሚስታቸው በሕይወት አሉ ይላል።»

«አሉ። ተስማምተዋል።»

ይህን ሲል ድምፁ አልተለወጠም። ሲያሸንፍ ይነግራታል፤ እሷም ዓርቧ እንደተረፈላት ስታውቅ ደስ ይላታል፤ እንዲህ ነበር ያሰበው።

«የድሮው ይጠፋል» አለች ልጅቷ ከወረቀት ላይ እንደምታነብ። «አንድ ሰው አንድ እጅ ነው። ሁለት ኪሩቤል መያዝ አንችልም። ገብቶዎታል?»

«ገብቶኛል።»

«ሦስት ጊዜ መጠየቅ አለብኝ። ገብቶዎታል?»

ሦስት ጊዜ መለሰላት። አሻራውን አሳረፈ። ሁሉም ነገር ሦስት ደቂቃ ፈጀ፤ ሁለቱን ልጅቷ በመስኮት ውጭ ውጭውን ስታይ ነው ያለፈው።

ዓርብ ጠዋት እናቱን እንደ ሁልጊዜው አስቀመጣት። ቀበቶውን አላላላት። ምልክት ሰጠ። መኪናው ሲወነጨፍ ናኦድ በጆሮው ነበር የተከተለው፤ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። በሁለተኛና በሦስተኛ መካከል ዕድሜ ልኩን የሚያውቃት ያቺ ትንፋሽ የለችም። ድምፁ አንድ ወጥ ሆኖ ወጣ። ሰሌዳው 11.21 አለ። ባለፈው ሳምንት 11.40 ነበር። ቦንሳ ጋሪው ላይ ሆኖ በመዳፉ ቆርቆሮውን ደበደበ።

መኪናው ተጎትቶ ሲመለስ በሩን ከፈተላት። አልወረደችም። አንድ እጇን ማጅራቷ ላይ አድርጋለች።

«እማዬ፣ አመመሽ?»

«ምን አደረግከው?» አለችው።

«ምኑን?»

«እሱን።»

ቦንሳ ምንም ያልሆነውን የኋላ ጎማ ሊያይ ዞር አለ።

ናኦድ ነገራት። ደብዳቤውን፣ የሐፊዝን መኪና፣ ሰባተኛውን መስመር። ቁጥሮቹን ሲጠራ ድምፁ እየጠነከረ ሄደ፤ ስለ መዝገብ ቤቱ ሲደርስ ደግሞ ዝቅ አለ። እሷ ፊት ለፊቷን፣ መንገዱን እያየች ሰማችው።

«ያን ጊዜ የጋቢናው ቀበቶ አይቆልፍም ነበር» አለች። «እጁን ሊቀዱት የመጡ ቀን አብሬው ካልገባሁ አልኩ። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው፣ ማን ይችለኛል። ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ሲያልፍ እግሬን ተክዬ ቻልኩት። ሁለተኛው ላይ በጣም ገፋ፤ ፍሪሲዮን ሲረግጥ ወደ ፊት ተወረወርኩ። በክንዱ መለሰኝ። እንዲህ አድርጎ።» ክንዷን ደረቷ ፊት፣ አየሩ ላይ፣ አጋድማ አሳየችው። «ከዚያ ነው ሦስተኛውን ያስገባው።»

ናኦድ ካምቢዮውን አየው።

«ቀጂዎቹ ተበላሽቷል፣ እንድገመው አሉት። ተዉት፣ እንዲሁ ይግባ አላቸው። ከዚያ ወዲህ ያ ኅሩይ ይተኛል ባለ ቁጥር እኔን ያየኝና ይስቅ ነበር።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ ልንገርህ? የእኔና የእሱ ነው።» ማጅራቷን አሸት አሸት አደረገች። «አንተም አልጠየቅከኝም።»

ቀስ ብላ እግሯን አወጣች፤ እንዲደግፋት ግን አልከለከለችውም። «አራት ዓመት ሙሉ እዚያች ጋ ስንደርስ ወደ ፊት ዘንበል ብዬ ክንዱን እደገፋለሁ። ማንም እንደሌለ አውቃለሁ ናኦዴ፣ አላበድኩም። ግን መኪናው ይጠብቀኝ ነበር። ዛሬ ልደገፍ ስል ገፋኝ።»

ከሰዓት በኋላ የድሮውን እጅ ፍለጋ መዝገብ ቤቱን በስልክ አገኘ። ያቺው ልጅ ነች፤ ድምፁን ስትሰማ ማስቲካዋን ያወጣች መሰለው። «እንዳልኩዎት ነው እኮ» አለች። «የሆነ ቦታ ላይ ቢኖር እነግርዎት ነበር። የለም።» የሚቀጥለውን ባለጉዳይ ሳትጠራ ጥቂት ጠበቀችው። አመስግኖ ዘጋው።

ማታ እራት ላይ ውድድሩን ልተወው ብሎ ለእናቱ ነገራት።

«ብትተወው ምን ይሆናል?»

«ይቆለፋል።»

«እንግዲያው ሩጥ» አለችው። «ያም ቢሆን እጁ ነው። የቀረውን ደግሞ አታስወስደው።»

ቅዳሜ ሰው በዛ። ሐፊዝ መኪናውን ከድሬዳዋ በጭነት አምጥቶ፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ መነሻው ላይ ቆሟል። ሁለቱ መኪኖች፣ ሁለቱም ሾፌር አልባ፣ ጎማቸውን አሽከርክረው አጨሱ። ከዚያ ሄዱ። ሰሌዳው 11.19 እና 11.25 አለ፤ ፊተኛው የኪሩቤል ነው። አጥሩ ላይ ያለው ሰው አጨበጨበ። ጋሽ ኅሩይ ኮፍያቸውን አወለቁና፣ የሚቀልዱት ጠፍቷቸው፣ መልሰው አደረጉት።

«ኪሩ ዛሬ አልተኛም» አሉ በመጨረሻ። ማንም አልሳቀም።

ሐፊዝ መጥቶ ናኦድን ትከሻ ለትከሻ ገጨው። «አባትህ ዛሬ ሌላ ሰው ሆኖ ዋለ» አለው። ከልቡ ሊያሞግሰው ብሎ ነው።

«አዎ» አለ ናኦድ።

የኪሩቤል እጅ ለሁለት ዓመት ታደሰ። ወረቀቱን እዚያው ሰጡት።

ያንን ሳምንት ናኦድ ጋራዥ ውስጥ ከረመ። እጁን መንካት አይፈቀድለትም፤ ካምቢዮውን የሚገፋውን ብረት ክንድ ግን መንካት ይችላል። ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ሲያልፍ እንዲዘገይ አደረገው። ለካ፤ ሞከረ፤ መልሶ ለካ። ቦንሳ አጠገቡ ተቀምጦ ያይ ነበር እንጂ አልረዳውም፣ አልከለከለውምም። ሐሙስ ማታ 0.18 ላይ ቆመ። ሃያ ጊዜ ሞከረው፤ ሃያውንም ጊዜ 0.18 ነው።

ዓርብ እናቱን ካስቀመጠ በኋላ ምልክቱን ለቦንሳ ትቶ እሱ ወዲያ ጫፍ ሄዶ ጠበቃት። ድምፁ መጣ። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ከዚያ ያቺ ትንፋሽ፣ ከዚያ ሦስተኛ። መኪናው አጠገቡ ሲቆም በሩን ራሷ ከፈተችው።

«ቆመ» አለችው።

«አዎ።»

«አንተ ነህ።»

«እኔ ነኝ። አሥራ ስምንት መቶኛ ነው። ልክ እንደ ድሮው።»

ልብስ ሰፊ የሰፋላትን እጅጌ እንደምትሞክር ሴት አሰብ አደረገች። ልታስቀይመው እንዳልፈለገች ፊቷ ላይ ይታያል።

«ልክስ ልክ ነው» አለች። «ግን እሱ አይቆምም ነበር እኮ። እጁ ወደ እኔ ይመጣል፣ ይመለሳል፤ ማርሹ የሚቆየው እሱን ጠብቆ ነው። ይሄ ዝም ብሎ ቆመ።»

ናኦድ ራሱን ነቀነቀ።

«አውጣው» አለችው። «ባዶውን አታስቁመው።»

ቦንሳ ጋሪውን ይዞ ደረሰ። እሷ ግን በእግሬ ልመለስ አለች። እንኳን እሷ፣ ናኦድም ይህን አስቦት አያውቅም፤ ይሄን ሁሉ ዓመት ስትመላለስ አስፋልቱን አንድም ቀን በእግሯ ሄዳበት አታውቅም። ሞተሩ ሁሉ ጠፍቶ የቁርስ ሰዓት ስለሆነ የሚከለክል አልነበረም። ናኦድ ጎኗ ሆኖ፣ መኪናው በመጣበት፣ ወደ መነሻው አቀኑ።

ቀስ ብላ ነው የምትሄደው። ፀሐዩ ከአስፋልቱ ላይ ይንቀለቀላል። ስለ ጎረቤታቸው ሴት ልጅ አወራችው፤ ቁርስ በልቶ እንደሆነ ጠየቀችው፤ አልበላም። በቀኝም በግራም የጎማ ጥቁር መስመሮች ወደ ፊታቸው ተዘርግተዋል፤ መነሻው አካባቢ ተደራርበው ይወፍራሉ፣ እዚያ የረገጠ ሰው ጫማው ይጣበቃል። እዚህ ገና ስስ ናቸው።

ናኦድ ቦታዋን ያውቃታል። አባቱ ሁለተኛውን ለቅቆ ሦስተኛውን የሚይዝባትን፣ ከመነሻው በሜትር ቆጥሮ፣ ግማሽ ሜትር ሳይስት ያውቃታል። እየቀረቡ ሲሄዱ እናቱን በጎን አያት። የምትቆም መስሎት ነበር። እሷ ስለ ጎረቤቷ ልጅ ሠርግ እያወራች አለፈቻት። ጋቢና ተቀምጣ፣ ሞተሩ እየጮኸ፣ ሰውነቷ ያውቃት ይሆናል እንጂ፣ በእግር፣ በዚህ ዝምታ ውስጥ፣ አስፋልት ነች።

እሱ ቆመ።

ጥቂት እርምጃ ከሄደች በኋላ ጎኗ እንደሌለ ታወቃትና ዞረች። «ምነው፣ ምን ያዘህ?»

«ጎማው ነው» አላት። «ይይዛል።»

እዚያ ጋ የሚይዝ ጎማ አልነበረም። ናኦድ ጫማውን ከመሬት እንደሚያላቅቅ ሰው አንስቶ ተከተላት።